የቄስ ፕሪስ ስም ከሌላ ሰው ፊት በታች

ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የማተሚያ ቤታችን አለቃ ሃምፍሬይስ የቄስ ካድዋላድር ፕሪስን ሥዕሎች ከመደርደሪያ አውርደው ለኤድኒቬድ ፒው፣ «ለሐውልት ቀራጩ የሚላክ ነው፤ ከነዚህ ውስጥ ጥርት ብሎ የታተመውን ምረጥልኝ» አሉት። ኤድኒቬድ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «ይሄ ሰው ቄስ ፕሪስ አይደሉም» አለ።

እንግዲህ እንደምን ዋላችሁ።

ይህን የሽኝት ንግግር እንዳደርግ የተጠየቅኩት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ጽፌ ጨርሼው ነበር። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ራሴ ሳነበው ሁለት ቦታ ላይ ስቄያለሁ። አራተኛው ገጽ ላይ፣ «በከተማችን በዶልጌላይና በዙሪያዋ የቄስ ፕሪስን መልክ የማያውቅ ሰው የለም፤ ያሳወቀንም ኤድኒቬድ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረው። ማክሰኞ ማታ ያን ገጽ ቀደድኩት። የቀሩት ገጾች ያለ እሱ አልቆም ስላሉ ረቡዕ ጠዋት እነሱንም ቀደድኳቸው። አሁን እጄ ላይ ያለው በእርሳስ የተሞነጫጨረ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ንግግሬ ቢደነቃቀፍ ታገሡኝ። ግራ የገባኝ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አለቃ ሃምፍሬይስ ከማክሰኞ ወዲህ ኮፍያቸውን ሁለት ጊዜ ረስተው ቤታቸው ገብተዋል።

ለማታውቁኝ፣ ሜሪግ ኦወን እባላለሁ። በዚህ ማተሚያ ቤት ምድር ቤቱ ላይ ሳምንታዊውን ጋዜጣ አዘጋጃለሁ። ኤድኒቬድ ደግሞ ፎቁ ላይ የቄሶችን ሥዕል ለሕትመት መዳብ ላይ ይቀርጻል። አርባ አራት ዓመት ሙሉ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች ነን። እሱ ወንበሩን በሳበ ቁጥር የእኔ ጣሪያ አቧራ ያራግፋል። ከጋዜጣችን አንባቢዎች መካከል ፊደሎቹ ላይ ነጠብጣብ ያያችሁ ካላችሁ፣ ስህተቱ የአራሚው አይደለም።

የመጣበትን ቀን ልንገራችሁ። ዘመኑ 1843 ነው፤ ወሩ ሰኔ። በሩ ተከፈተና አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ገባ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ከጉልበቱ በላይ ደግሞ ዝናብ። ሰላም ሳይል፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ፣ በቀጥታ ወደ አሮጌው አለቃ፣ ወደ አሁኑ አለቃችን አባት ሄደና አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

አሮጌው አለቃ ቀና ብለው አዩትና፣ «ማነው ይሄ?» አሉ።

«ቄስ ፕሪስ ናቸው፣ ጌታዬ።»

«አንተን ነው የጠየቅኩት።»

ኤድኒቬድ ጥቂት አሰበ። እውነቴን ነው፣ ቆም ብሎ አሰበ። ከዚያ፣ «የእኔን ስም ደብዳቤው ላይ ጽፌልዎት ነበር» አላቸው።

አሮጌው አለቃ በሕይወታቸው ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀንና ግብር የቀነሰ ጊዜ ብቻ ነው። ወረቀቱን አንስተው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ረጅም ጊዜ አዩት። ሥዕሉ ላይ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ የገቡ፣ አፉ ሊናገር ሲል የቆመ፣ ጉንጩ ሰፋ ያለ ሰው አለ። «እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም» አሉ አለቃው። ያን ጊዜ እንደ ትልቅ ምስጋና ነበር የቆጠርነው።

እዚህ ላይ ቄስ ፕሪስ ማን እንደነበሩ ለልጆቹ ልናገር። ሲሰብኩ አንድ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ያስለቅሱ ነበር። ግን ፊታቸውን ለማንም ሠዓሊ ሰጥተው አያውቁም። ወረቀትና እርሳስ የያዘ ሰው ካዩ ስብከታቸውን አቋርጠው፣ «ልጄ፣ ፊቴን ተወውና ቃሉን ስማ» ይሉ ነበር። አሮጌው አለቃ አምስት ሠዓሊ ልከዋል፤ አምስቱም እያለቀሱ ነው የተመለሱት፤ ሁለቱ እንዲያውም ንስሐ ገብተው። በየወሩ በሚወጣው መጽሔታችን የፊተኛው ገጽ ላይ የሌላው ሰባኪ ሁሉ ሥዕል ወጥቷል፤ የእሳቸው ብቻ የለም። ስለዚህ አለቃው ለኤድኒቬድ፣ «ወደ እኔ ከመምጣትህ በፊት በታላቁ የስብከት ጉባኤ በኩል እለፍ። ሳያዩህ ሳላቸው። ከተሳካልህ ሥራው ያንተ ነው» ብለው ጻፉለት። ተራራውን ተሻግሮ፣ በቀጥታ ከጉባኤው ሜዳ ነበር የመጣው።

ሥራውን አገኘ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቃላችሁ።

የምታውቁትን ግን ልድገመው፤ ለዚሁ ነው የተሰበሰብነው። ኤድኒቬድ ፊት ይቀርጻል እንጂ ሰው አያውቅም። ከባላ ከተማ የመጡ አንድ ቄስ ነበሩ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊታቸውን ከመዳብ ጋር ሲያዋጋ ከረመ። በአራተኛው ሳምንት ገበያ ላይ አገኛቸውና፣ «አባቴ፣ የቆዳ ነጋዴው ሱቅ በየት በኩል ነው?» አላቸው።

«ኤድኒቬድ፣ እኔ እኮ ነኝ» አሉት ቄሱ።

ከላይ እስከ ታች አያቸው። «ይቅርታ አባቴ፤ ከወገብዎ በታች አላውቅዎትም» አለ።

ደግሞ የኮቱ ነገር አለ። አዎ ኤድኒቬድ፣ እናገረዋለሁ፤ ፊትህን አታዙር። ማተሚያ ቤታችን ያለው ኮት አንድ ነው። ጥቁር፣ ሰፊ አንገት ያለው፣ ሦስተኛው ቁልፍ ትንሽ ዘንበል ያለ። በ1841 አንድ ጊዜ ተስሎ ለሁሉም ቄስ ተገለበጠ። ቀጭኑም ወፍራሙም እሱን ለብሷል። አንድ የሃርሌክ ቄስ መጥተው፣ «ይህ ኮት የእኔ አይደለም» ብለው ተቆጡ። ኤድኒቬድ ከሥራው ቀና ሳይል፣ «አውቃለሁ፤ የእርስዎ ክርኑ ላይ ተቀዷል» አላቸው። ኮት ላይ እንዲህ ነው፤ ማንንም ምንም ያለብሳል። ፊት ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። አንድ ቄስ ግንባራቸው ላይ ያለችውን ኪንታሮት እንዲያወጣላቸው ለመኑት። «እኔ ያየሁትን ነው የምቀርጸው፤ ማውጣት ከፈለጉ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ» አለ። አለቃው ተቆጡ፤ አልሰማም። ሥዕሉ ሲወጣ የቄሱ ሚስት መጡና ስድስት ገዙ። «ያቺ ኪንታሮት ባትኖር አንድም አልገዛም ነበር፤ ሌላ ሴት ባሏ መስሏት ትገዛው ነበር እንጂ» አሉ።

ይህን ልብ በሉልኝ። ያየውን ነው የሚቀርጸው።

ቄስ ፕሪስ ከጉባኤው በኋላ በዚያው ክረምት ዐረፉ። ሥዕሉ የታተመው ከሞታቸው በኋላ ነው። ከታተመ በኋላ ያልሰቀለው ቤት አልነበረም። እናቴ ከአልጋዋ ፊት ለፊት ሰቅላው ነበር፤ ዓይኗን የከደነችው እሱን እያየች ነው። ባለቤታቸው፣ የቄስ ፕሪስ ሚስት፣ ለቅሶ ላይ እያሉ የመጀመሪያውን ቅጂ ወሰድንላቸው። መስኮቱ ዘንድ ቆመው አዩት። አዩት፣ አዩት። በመጨረሻ፣ «ኮቱ የእሳቸው ነው» አሉ።

እኛ ተደሰትን። በዚያ ሳምንት ጋዜጣ ላይ፣ «ባለቤታቸው አይተው አረጋግጠዋል» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ሴትዮዋ ያረጋገጡት ኮቱን ብቻ ነው። ኮቱ ደግሞ የማተሚያ ቤቱ ነው።

እንዴት ነው አንድ አገር ሙሉ የተሳሳተው? ከረቡዕ ጀምሮ ይህን ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት፤ ሥራዬ መጠየቅ ነውና። አንድ የሰማንያ ዓመት ገበሬ ዘንድ ሄድኩ፤ ቄስ ፕሪስን ብዙ ጊዜ የሰሙ ናቸው። «አጎቴ፣ መልካቸው ምን ይመስል ነበር?» አልኳቸው። በጣታቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አሳዩኝ። «ይኸው ራሳቸው።» «በዓይንዎ አይተዋቸዋል?» «አርባ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አያቸዋለሁ» አሉኝ። ሌላ ሰው ጠየቅኩ፤ እሱም ግድግዳውን አሳየኝ። ሦስተኛዋ፣ «በእርግጥ ሲታተሙ ትንሽ ወፍረዋል» አሉ። ያን ጊዜም እንዲህ ያሉ እንደነበሩ ትዝ አለኝ፤ አሮጌው አለቃ፣ «ሰው ሲታተም ይወፍራል» እያሉ ነበር የሚመልሱላቸው።

በሰው ግን ልስቅ አልችልም። በታላቁ ጉባኤ ቀን ሜዳው ላይ እኔም ነበርኩ። ጠዋት ተገኝቼ፣ ከቀትር በፊት ለሥራ ተመልሻለሁ። ቄስ ፕሪስ ሲሰብኩ ሰባኪዎቹ ከሚቆሙበት ጋሪ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ድምፃቸው እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ፊታቸውን ለማስታወስ ስሞክር የሚመጣልኝ የኤድኒቬድ ሥዕል ነው። ሥዕሉ አፉን ከፍቶ በቄስ ፕሪስ ድምፅ ይሰብካል። ሌላ ፊት የለኝም። የት እንደሄደ አላውቅም።

የሆነው እንዲህ ነው። እንዴት እንዳወቅነውም በቅደም ተከተል ልናገር።

አክስት ማርጌድን ታውቋቸዋላችሁ፤ ያው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከላይ ከተራራው በጎች ያረባሉ። በየአምስት በየስድስት ዓመቱ ወደ ሱቃችን ወርደው የቄስ ፕሪስን ሥዕል ይገዛሉ፤ ቤታቸው እርጥበት አለው፤ ጭሱም አይጣል ነው። ሁልጊዜ ስሙ ያለበትን የታችኛውን ጠርዝ እንድቆርጥላቸው ይጠይቁኛል። «ለክፈፌ ይረዝማል» ይላሉ። በመቁረጫው በገዛ እጄ ቆርጬላቸዋለሁ፤ ምናልባት ሰባት ጊዜ። አንድ ቀን፣ «አክስቴ፣ ቄስ ፕሪስን እንደ እርስዎ የሚወድ አላየሁም» ስላቸው፣ «እሱን ሰውዬ በጣም ነው የምወደው» አሉኝ። ምንም ውሸት አልተናገሩም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ኤድኒቬድ ጡረታ ሊወጣ መሆኑን ሰምተው መጡ። ፎቅ ላይ ወጡ። የተባባሉትን ሁለቱም ነግረውኛል፤ ቃላቸው ይገጥማል።

«ኤድኒቬድ፣ ሳትሄድብኝ ላመሰግንህ ነው የመጣሁት።»

«ለምኑ አክስቴ?»

«አባቴን ስለሳልክልኝ።»

«እኔ አባትዎን አላውቃቸውም እኮ።»

አክስት ማርጌድ ሳቁ። «አሁንማ ማን አለ ብለህ ነው? ሁለታችን ብቻ ነን። አርባ አራት ዓመት አፍህን ይዘህልኛል፤ ዛሬ ተወው።»

«አፌን የያዝኩት ስለ ምን ነው?»

«አታውቅም ነበር እንዴ?»

«ምኑን?»

ከዚያ ሁለቱም ተቀመጡ። አንዱ ወንበር ላይ፣ ሌላዋ የወረቀት ክምር ላይ።

የጉባኤዎቻችንን ልማድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በአንድ ጉባኤ ሁለት ሰባኪዎች ተከታትለው ይሰብካሉ፤ ታናሹ ይጀምራል፣ ታላቁ ይዘጋል። ይህ ተለውጦ አያውቅም። ያን ቀን ግን ቄስ ፕሪስ ከወንዙ አፍ ማዶ የሚቀብሩት ሰው ነበራቸው፤ ጀልባው የሚያሻግራቸው የባሕሩ ውሃ ሳይሸሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀድመው ሰበኩና ሄዱ። መለወጡ የተነገረው ማለዳ በጸሎቱ ሰዓት ነው። ኤድኒቬድ ማለዳ ገና ተራራው ላይ ነበር። ሜዳው የደረሰው የመጀመሪያው ስብከት አልቆ ሕዝቡ ሲዘምር ነው። «ደግ፣ ታላቁ ገና ናቸው» ብሎ እርሳሱን አሾለ። ሁለተኛው ሰባኪ ወደ ጋሪው ወጡ። እሱም ሳላቸው።

ከእኛ አገር ሰው በቀር እንዲህ ሊሳሳት የሚችል የለም። ሌላ ቢሆን ጎኑ ያለውን ሰው፣ «ማናቸው እኚህ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የጉባኤ ልጅ ይህን አይጠይቅም፤ የሚዘጋው ማን እንደሆነ ያውቃላ።

ሁለተኛው ሰባኪ ቄስ ኢቴል ሮላንድ ነበሩ፤ የአክስት ማርጌድ አባት። ተራራው ላይ የአሥራ ሁለት ቤተሰብ ጸሎት ቤት ያገለግሉ ነበር፤ በሳምንቱ ቀን በግ ይጠብቃሉ። እንዲያ ባለ ሜዳ ላይ በዕድሜያቸው የሰበኩት ያን አንድ ቀን ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ሞቱ። ሥዕል የላቸውም። ፎቶ አንሺ ወደዚያ ተራራ ወጥቶ አያውቅም።

አክስት ማርጌድ የአባታቸውን ፊት በሱቃችን መስኮት ላይ በሰው ስም ታትሞ ሲያዩ መጀመሪያ ሊጮኹ ነበር። ከዚያ፣ «ብናገር ማተሙን ይተዉታል» ብለው ዝም አሉ። የሣለው ሰው ሁሉን እያወቀ ለአንድ ድሃ ቄስ ያደረገው ውለታ ነው ብለውም አመኑ። አርባ አራት ዓመት ሲመርቁት ኖረዋል። ምርቃቱ የት እንደገባ አላውቅም፤ ዓይኑ ላይ ግን እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ አንዱ ዓይኑ ዘንድሮ ጭራሽ ደክሟል።

ኤድኒቬድ ይህን ሰምቶ እስከ ማክሰኞ ለማንም አልተነፈሰም። ሲሠራ ማንጎራጎር ተወ። ጣሪያዬ ጸጥ ሲል ጡረታው ከብዶት ነው ብዬ ነበር። ከዚያ የሐውልቱ ነገር መጣ። የቄስ ፕሪስ ጸሎት ቤት መቶኛ የልደት ዓመታቸውን ለማሰብ ከበሩ በላይ በእብነ በረድ ፊታቸውን ሊያስቀርጽ ነው። ቀራጩ ሥዕል ጠየቀ። ማክሰኞ ደረሰ። የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

ትናንት ከጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ደብዳቤ መጥቷል። መዳቡ የእነሱ ነው፤ ያኔ ዋጋውን የከፈሉት እነሱ ናቸው። የሚወስኑት ከሁለት አንዱን ነው። አንዱ ወገን፣ «ሕዝቡ የሚያውቀው ፊት ይህ ነው፤ ሌላ ፊት ብናወጣ ማን ያምነናል? እብነ በረዱ በዚሁ ይቀረጽ» ይላል። ሌላው ወገን፣ «ሐሰት ነው፤ ፊቱ ከመዳቡ ላይ ተፍቆ ይጥፋ፤ ዳግመኛ እንዳይታተም» ይላል። በአንደኛው ቄስ ሮላንድ በሌላ ሰው ስም በር ላይ ይሰቀላሉ። በሁለተኛው ከዓለም ይጠፋሉ።

አክስት ማርጌድን፣ «የትኛው ይሻልዎታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ስሙ ይጻፍልኝ ብዬ አላውቅም» አሉኝ። «ይታይ እንጂ የፈለጉትን ብለው ይጥሩት ብዬ ነው የኖርኩት። አሁን ግን አንዴ ከታወቀ…» አሉና የሻይ ሲኒያቸውን አዩ።

ኤድኒቬድ ሦስተኛ ሐሳብ አለው። ስሙ ብቻ ይፋቅ፤ የኢቴል ሮላንድ ስም ይቀረጽ፤ የቄስ ፕሪስ በር ላይ ደግሞ ቃላቸው ብቻ ይጻፍ ይላል። አለቃው፣ «ታዲያ ፕሪስ ያለ ፊት ሊቀሩ ነው?» ሲሉት፣ «ፊቴን ተወው ያሉት ራሳቸው አይደሉ?» አላቸው። እኔ ይህን ስሰማ ጭራሽ ተምታታብኝ። የሰውዬውን ፈቃድ የፈጸመላቸው ስህተቱ ነው ማለት ነው? ለካ አርባ አራት ዓመት ሙሉ የፈለጉትን ነው ያደረግንላቸው? በጋዜጣ ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ርዕሱ እንኳ አልመጣልኝም።

አሁን ቀልዱን ልተወው።

ኤድኒቬድ፣ ባለቤቴ ኤሊነድ ስትሞት አንድም ሥዕል አልነበራትም። ከቀብሩ በኋላ በዘጠነኛው ቀን ምድር ቤት ወረድክና አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠህ ወጣህ። ጭንቅላቷን ወደ ትከሻዋ ዘንበል አድርጋ ነበር። እኔ ወሬ ሳስረዝም እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ያን ያየ ሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ማክሰኞ ማታ ቤቴ ስገባ ያን ሥዕል ለማየት ፈራሁ፤ እውነቴን ነው። እናቴ የሞተችው የማታውቀውን ሰው እያየች ከሆነ፣ እኔስ አሥራ ሁለት ዓመት ማንን እያየሁ ነው የተኛሁት? መብራት ይዤ ቀረብኩ። እሷ ነች። ኤሊነድ ነች፤ ወሬህን አሳጥር የምትለኝ እሷ ነች።

ከዚያ በኋላ ተቀምጬ እንደ ጋዜጠኛ አሰብኩ። ይህ ሰው ያላየውን መስመር መዳብ ላይ አሳርፎ አያውቅም። ኪንታሮት አላወጣም። ያን ቀን ሜዳው ላይም ከፊቱ የቆሙትን ሰው ነው የሳለው፤ እንደነበሩ። ልጃቸው በሱቃችን መስኮት አይተው ወዲያው ያወቁት ለዚህ ነው። ሥዕሉ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ከሥሩ ያለው ስም ነው። ኤድኒቬድ ደግሞ ስም አይጽፍም። ለሥዕሎች ሁሉ ከሥራቸው የሚቀረጸውን ጽሑፍ የማዘጋጀው፣ አጣርቼም የምሰጠው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሜዳው ላይ ነበርኩ፤ የስብከቱ ተራ መለወጡን ማለዳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጁ ማታ ሲደርስ፣ «ስንት ሰዓት ላይ ሳልካቸው?» ብዬ አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ ሁሉም ነገር ያን ማታ ይለይ ነበር። አልጠየቅኩም። ስሙን ጻፍኩና ሰጠሁ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ ያንተ ስህተት ነው ብሎ እያዘነልህ ከሆነ አይዘንልህ። ሽማግሌዎቹ ፊት ይህን ራሴ እናገራለሁ፤ የሚቀጥለውም ጋዜጣ ላይ በስሜ ይወጣል። አርባ አራት ዓመት ከላዬ ሆነህ አቧራህን ስታፈስብኝ ኖረሃል፤ እኔ ደግሞ ከሥርህ ስህተቴን ስጽፍብህ ኖሬያለሁ። ስለ ኤሊነድ አመሰግንሃለሁ። ስለማታውቃቸው ሰዎችም ፊት አመሰግንሃለሁ፤ እኛ ካንተ በቀር ማንም ያልያዘልን ብዙ ፊት አለንና።

በሉ፣ ሲኒያችሁን አንሱ። ይህ አዳራሽ ከሻይ ሌላ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ፤ ሻዩም በርዷል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የዘቢቡን ዳቦ አስቀምጡና ተነሡ። ኤድኒቬድ፣ ደህናው ዓይንህ ይቆይልህ። ጠዋት ጠዋት ደጃፍህ ላይ ተቀምጠህ የሚያልፈውን ሰው እያየህ ቶሎ እወቀው፤ ከወገቡ በታችም ቢሆን። አክስት ማርጌድ፣ ይህ ጽዋ ለእርስዎም ነው፤ ለአባትዎም።

የሽማግሌዎቹ ስብሰባ የፊታችን ሐሙስ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ በጸሎት ቤቱ የጎን ክፍል ነው። ዘጠኝ ናቸው። ሦስቱ እብነ በረዱ ይቀረጽ ባዮች ናቸው፤ ሁለቱ ፊቱ ይፋቅ ባዮች፤ ሁለቱ ኤድኒቬድን ሰምተን እንወስን ብለዋል፤ የቀሩት ሁለቱ አልነገሩኝም። መዳቡን ኤድኒቬድ ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል፤ መቅረጫውንም ይዞ። ጡረታው የሚጀምረው ዓርብ ነው።